ጣናን የሚለካው ማን ነው? «ልኬትን ለባለሙያ እንተው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ልኬትን ለባለሙያ እንተው» የሚል ጽሑፍ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው በክልል የፕላን ሥራ ውስጥ ረጅም ዓመት የቆዩ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ይታያል፤ ድካማቸውንም አከብራለሁ። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ የክልሉን ዘላቂ ልማት የመከታተሉ ሥራ እጅ በዝቶበታል። ገበሬው፣ ዓሣ አስጋሪው፣ ገዳሙ፣ ማኅበሩ፣ ሁሉም «ባለድርሻ አካል» እየተባለ ሲጠራ ስብሰባ በዛ እንጂ መረጃ አልተገኘም። መለካት ሙያ ነው፤ ሳተላይትም አለ፤ ስለዚህ ክትትሉ ለአንድ የባለሙያዎች ክፍል ይሰጥ፣ ሕዝቡም ውጤቱ ሲወጣ ይነገረው። ማሳያ አድርገው ያነሱት ጣናንና እምቦጭን ነው።

እኔም ከጣና አልወጣም። ተወልጄ ያደግኩት ደምቢያ፣ ከሐይቁ የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ነው። ከሐይቁ አዋሳኝ ወረዳዎች በአንዱም የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ሆኜ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከባለሙያ ጋር ጠብ ኖሮኝ አይደለም፤ ባለሙያው እኔ ነበርኩ። ጸሐፊው አምስት ምክንያት አቅርበዋል። በእሳቸው ቅደም ተከተል እሄዳለሁ፤ ልክ የሆኑበትን ልክ ነው እላለሁ፣ ያልተስማማሁበትን ደግሞ ለምን እንዳልተስማማሁ እናገራለሁ።

በመጀመሪያ «ያልሠለጠነ ሰው የሰበሰበው ቁጥር፣ ቁጥር አይደለም» ይላሉ። ገበሬ በግምት ይናገራል፣ ይረሳል፣ ያጋንናል፤ በዚህ ላይ ተመሥርቶ የክልል እቅድ መገምገም አይቻልም የሚል ነው ክርክራቸው።

ይህ በሐሳብ ብቻ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም፤ እዚሁ እኛው ክልል ውስጥ ተፈትኗል። ዳንግላ ወረዳ፣ ዳንገሸታ በሚባል ቀበሌ እ.ኤ.አ ከ2014 ጀምሮ የዝናብ መለኪያውን የሚያነቡት፣ በወንዙ ውስጥ በተተከለው ሜትር የውሃውን ከፍታ የሚመዘግቡት፣ የጉድጓዶቻቸውን ውሃ ጥልቀት የሚለኩት የቀበሌው ሰዎች ነበሩ። ተመራማሪዎች መዝገባቸውን ወስደው በአካባቢው ካሉት መደበኛ ጣቢያዎች መረጃ ጋር፣ ከሳተላይት ከሚገመተው ዝናብ ጋር አስተያዩት። እ.ኤ.አ በ2016 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው የገበሬዎቹ ቁጥር ከመደበኛ ጣቢያዎቹ ጋር በደንብ የተስማማ፣ ከሳተላይቱ ግምት ደግሞ የተሻለ ነበር። ምክንያቱ ረቂቅ አይደለም። ዝናቡ የሚወርደው በእነሱ ማሳ ላይ ነው፤ መለኪያው ያለውም እዚያው በአጠገባቸው ነው።

ከዚህም የቆየ ምስክር አለ። ደምበጫ አካባቢ የሚገኘው አንጀኒ የአፈር መሸርሸር መለኪያ ጣቢያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ በ1984 ነው፤ ወሎ ማይባር፣ ሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ ያሉት እኅት ጣቢያዎች ደግሞ ከዚያ ቀደም ብለው ነው የተጀመሩት። የጥናቱ አመራር ከስዊዘርላንድ ተመራማሪዎችና ከግብርና ሚኒስቴር ነበር፤ በክረምት ጎርፍ ሲመጣ ወንዙ ዳር ወርዶ ድፍርሱን ውሃ በጠርሙስ የሚቀዳው፣ ሰዓቱን የሚጽፈው፣ ከፍታውን የሚያነበው ግን የመንደሩ ልጅ የሆነው ረዳት ነው። ዛሬ በየቢሮው «ከአንድ ሄክታር በዓመት ይህን ያህል ቶን አፈር ይሸረሸራል» እያልን የምንጠቅሰው እውቀት ከእነዚያ ጠርሙሶች የተቀዳ ነው። ጸሐፊው ራሳቸው በእቅድ ሰነዶቻቸው ውስጥ ተጠቅመውበት እንደሚሆን አልጠራጠርም።

አሁን የባለሙያውን ቁጥር ደግሞ ልናገር፤ የራሴን። አንድ የኅዳር ጠዋት በዘመቻ የተነቀለውን እምቦጭ ለክቼ እንድመለስ የመሥሪያ ቤቱ ሞተር ሳይክል ተሰጥቶኝ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ከሳምንት በፊት ዳሩን እንደ ለምለም መስክ ሸፍኖት የነበረው አረም የለም፤ ውሃው ወለል ብሎ ይታያል። ዳር ላይ ቆሜ፣ ከዚያ ሾላ እስከዚያ ዋርካ ብዬ ርቀቱን በዓይኔ ገመትኩ፤ አባዛሁ፤ ሄክታሩን «የተወገደ» በሚለው ዓምድ ሥር ጻፍኩ። አጠገቤ ከደንገል ታንኳቸው ላይ መረብ የሚያወርዱ አንድ አረጋዊ አስጋሪ ነበሩ። ምን እንደምጽፍ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«ኧረ ልጄ፣ ይሄ እኮ አልተነቀለም» አሉኝ። «ነፋስ ነው የወሰደው። ሌሊቱን ከየብስ ወደ ባሕር ሲነፍስ አደረ። ሲገለበጥ እዚሁ ታገኘዋለህ።»

እኔ ግን ለመጠበቅ ጊዜ አልነበረኝም፤ ሪፖርቱ ማታ ይፈለጋል። በሁለተኛው ቀን ለሌላ ጉዳይ ስመለስ አረሙ ከሾላው ሥር ተኝቷል፤ ሥሩ እርስ በርሱ እንደተቆላለፈ፣ አበባው እንኳ ሳይረግፍ። ቁጥሬ ግን ወደ ዞን ሄዷል፤ ከዞንም ወደ ክልል። ሥልጠና አልጎደለኝም ነበር። ቅጹን በትክክል ሞልቻለሁ፣ ስሌቱም ልክ ነው። የጎደለኝ በዚያ ዳር ያደረ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው፤ ያ እውቀት አጠገቤ ቆሞ እየነገረኝ እንኳ ቅጹ ላይ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም።

ሁለተኛው ምክንያታቸው ሳተላይት ነው። ከሰማይ የሚያይ ዓይን አድልዎ የለውም፣ አይደክምም፣ ስለዚህ የሰው ወሬ አያስፈልገንም ይላሉ። እውነት ነው፣ ሳተላይት ትልቅ ነገር ነው። የእምቦጭ ስፋት በአንድ ዘመን እንኳ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት በብዙ እጥፍ ሲለያይ ያየን ሰዎች የዳር ግምት የት እንደሚያደርስ እናውቃለን፤ እኔም አሁን የነገርኳችሁ ያንኑ ነው። ሐይቁን በአንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ለማየት ከሳተላይት የተሻለ የለም።

ሆኖም ምን እንደማያይ ማወቅ ያስፈልጋል። በነፃ ከሚገኙት ምስሎች ጥሩ የሚባለው የሴንቲኔል-2 ሳተላይት ምስል አንዲቷ ነጥብ በምድር ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነች። ከዚያ ያነሰ፣ በደንገሉ መካከል የተወሸቀ ጥቂት የእምቦጭ ቡቃያ ከሌላው የዳር ሣር አይለይም። በዚያ ላይ ደመና አለ። ክረምት ጎርፉ ከማሳው ማዳበሪያና አፈር ጠርጎ ወደ ሐይቁ ሲያስገባ እምቦጩ ይፋፋል፤ ሰማዩ በደመና የሚዘጋውም ያን ጊዜ ነው።

ይህ ለምን እንደሚያሳስበኝ በቁጥር ላስቀምጠው። እምቦጭ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱን እጥፍ ያደርጋል። 10 በ10 ሜትር የሆነች አንዲት መደብ፣ ማለትም 100 ካሬ ሜትር፣ ዛሬ አለች እንበል። ማንም ሳያያት አንድ ሩብ ዓመት ካለፈ ስድስት ጊዜ ትታጠፋለች፤ 6,400 ካሬ ሜትር ትሆናለች። አሁን ሳተላይቱ አያት፤ የሩብ ዓመቱ ሪፖርትም ላይ ሰፈረች። ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሰው በግማሽ ቀን የሚነቅላት ነገር አሁን የቀበሌ ዘመቻ ሆናለች። ዘሯም ጭቃው ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። በዚህ ፍጥነት ለሚሄድ ነገር ከአስጋሪ ዓይን የቀረበ መሣሪያ የለንም፤ አስጋሪው በየማለዳው እዚያው ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ የሚቆጨኝን ደግሞ ልጨምር። እምቦጭ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ በ1965 በቆቃና በአዋሽ ነው። ጣና ላይ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ በ2011 ነው። በመካከሉ 46 ዓመት አለ። ባለሙያው ተክሉን በስሙ፣ በጠባዩ፣ በመጣበት አገር ያውቀዋል፤ የጣና ዳር ሰው ግን «እንዲህ ያለ ቅጠል፣ እንዲህ ያለ ሐምራዊ አበባ ካየህ ድረስልን» ብሎ ሥዕሉን ያሳየው አልነበረም። በሰፈራችን ልጆች አበባውን እየቀነጠሱ ይጫወቱበት ነበር። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ መጣ። እውቀቱ ከባለሙያው ወደ አስጋሪው ወርዶ፣ ወሬው ከአስጋሪው ወደ ባለሙያው ቢወጣ ኖሮ መገናኛቸው የመጀመሪያዋ መደብ ላይ ይሆን ነበር። ጸሐፊው የሚሉት አሠራር፣ ባለሙያው ለብቻው የሚያውቅበት፣ ለእነዚያ 46 ዓመታት በእጃችን ነበር።

ሦስተኛው ነጥባቸው ወጪና ጊዜ ነው። «አሳታፊ ክትትል» የሚባለው አዳራሽ፣ ባነር፣ ውሎ አበል ሆኖ ቀርቷል ይላሉ። ይህን እቀበላለሁ፤ እንዲያውም ከእሳቸው የበለጠ ያናድደኛል። ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ «የባለድርሻ አካላት የምክክር መድረክ» ተብሎ ተጽፎ፣ ከተቀመጡት መካከል ትናንት ውሃ ውስጥ የገባ አንድም ሰው የሌለበት ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ያ ግን ተሳትፎ ስላልነበረ ነው የከሸፈው። ያልተሞከረን ነገር «አልሠራም» ብሎ መተው ልክ አይመስለኝም።

እውነተኛው ተሳትፎ ምን ያስወጣል? ደብተር፣ እርሳስ፣ በቀለም ሜትር የተሰመረበት እንጨት፣ የስልክ ካርድ። ለአንድ ቀን የጀልባ ቅኝት ከሚቃጠለው ነዳጅ ያነሰ ነው። ደግሞ ሰዉ ለዚህ ሐይቅ ምን ያህል እንደከፈለ አንርሳ። በ2013 ዓ.ም ጥቅምት ላይ የአንድ ወር ዘመቻ ሲታወጅ፣ ከዚያ በፊትም በነበሩት ዓመታት፣ የደምቢያ፣ የጎንደር ዙሪያ፣ የሊቦ ከምከምና የፎገራ ገበሬ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። አልቅት ነክሶታል፣ ቆዳው ተልጧል፣ የእርሻ ጊዜው አልፎታል። ያ ሰው ለጉልበት ሲሆን ባለድርሻ፣ ለልኬት ሲሆን ባዳ የሚሆንበት ምክንያት አይገባኝም።

በዚያ ዘመቻ የለካነው ደግሞ ምን ነበር? ስንት ሄክታር እንደተነቀለ። የተነቀለው የት እንደተከመረ፣ ክረምት ውሃው ሲሞላ ክምሩን መልሶ እንደወሰደው፣ በነቀልንበት ቦታ በስንት ሳምንት እንደበቀለ የሚጠይቅ ዓምድ አልነበረም። እኔ በነበርኩበት ወረዳ ይህን ሁሉ ገበሬው ያውቀዋል። «ከውሃው አርቀን ካላወጣነው ከንቱ ነው» እያለ በየስብሰባው ይናገራል። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን «ሕዝቡ ለቀጣይ ሥራ ዝግጁነቱን ገልጿል» ተብሎ ይጻፋል።

ተሳትፎ ያዘገያል ለሚለውም አንድ ያየሁትን ልንገራቸው። እ.ኤ.አ ከ2006 ጀምሮ ከመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ጋር ተያይዞ «ማኅበራዊ ተጠያቂነት» የሚባል አሠራር በብዙ ወረዳዎች ተሞክሯል። ተጠቃሚው ለብቻው፣ አገልግሎት ሰጪው ለብቻው ተቀምጦ ለጤና ጣቢያው ወይም ለትምህርት ቤቱ ነጥብ ይሰጣል፤ ከዚያ ሁለቱ ፊት ለፊት ይገናኙና የጋራ የማሻሻያ እቅድ ያወጣሉ። በአንድ ጤና ጣቢያ እናቶቹ ለመድኃኒት አቅርቦት ዝቅተኛውን ነጥብ ሰጡ። ነርሶቹም ዝቅተኛውን ሰጥተው መጡ። ፊት ለፊት ሲነጋገሩ የመጋዘኑ ቁልፍ አንድ ሰው ጋ ብቻ መሆኑ፣ እሱ ለስብሰባ ወደ ከተማ ሲሄድ መድኃኒቱ ተቆልፎበት እንደሚሰነብት ታወቀ። በማግስቱ ሁለተኛ ቁልፍ ተቀረጸ። ያ ጤና ጣቢያ ለዓመታት በባለሙያ ሲገመገም ቆይቶ ነበር፤ የግምገማው ቅጽ «መድኃኒት በመጋዘን አለ/የለም» ይላል፣ መልሱም ሁልጊዜ «አለ» ነበር።

አራተኛው ነጥባቸው ከሁሉም ይከብዳል፤ እኔም ብዙ ያሰብኩበት እሱ ላይ ነው። «ተጠቃሚው በራሱ ላይ አይመሰክርም» ይላሉ። የሚያሰግረው ስለ ዓሣው፣ የሚያርሰው ስለ ዳሩ መሬት እውነቱን ይናገራል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ልክ ናቸው፤ አይናገርም። በጋ ላይ ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠውን መሬት እኛ ባሕር ሸሽ እንለዋለን፤ ሽንብራውም በቆሎውም ይዘራበታል። በየዓመቱ እርሻው ትንሽ ትንሽ እያለ ወደ ደንገሉ ይገባል። ስብሰባ ላይ «ማን ነው የገፋው?» ብዬ ጠይቄ ሁሉም መሬት መሬት ያየበትን ቀን አልረሳም። ነገር ግን ከስብሰባው ስወጣ አንድ አስጋሪ መንገድ ላይ ጠብቆ፣ ደንገሉ የተቆረጠበትን ቦታ አንድ በአንድ ነገረኝ፤ ደንገሉ ውስጥ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ይራባል፣ እሱ ሲመነጠር አስጋሪው ይጎዳል። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ከርብ ወንዝ ወጣ ብሎ የሚያርስ ገበሬ፣ ዓሣው ለመራባት ወደ ወንዙ በሚወጣበት ወቅት ወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጉት ከየት እንደሚመጡ ነገረኝ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በጣና ብቻ የሚገኙት፣ ላቤዮባርበስ ከሚባለው ወገን የሆኑት ወደ 15 የሚጠጉ የዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ ከክረምት ጀምሮ ወደ ርብ፣ ጉማራና መገጭ የሚወጡ ናቸው፤ ወንዙ አፍ ላይ ተጠብቀው ሲያዙ እንቁላላቸው ከእነሱ ጋር ነው የሚያልቀው።

አስተውሉ፤ አስጋሪው የራሱን መረብ አልነገረኝም፣ ገበሬውም የራሱን እርሻ። እያንዳንዱ የራሱን ይሸፍናል፣ የጎረቤቱን ይገልጣል። ስለዚህ ጥቅም ያለውን ሰው ከልኬቱ ማስወጣት መፍትሔ አይሆንም፤ ጥቅማቸው የሚጋጭ ሰዎችን አንድ መዝገብ ዙሪያ ማስቀመጥ ነው የሚበጀው። አስጋሪው፣ ባሕር ሸሽ የሚያርሰው፣ ሩዝ የሚያመርተው፣ ከሐይቁ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች፣ የደሴቶቹ ገዳማት። ከእነሱ ጋር ማንም የማይጠራቸውን የነገደ ወይጦን ማኅበረሰብ ጨምሩ፤ ኑሯቸው በደንገልና በታንኳ ላይ ሆኖ ሳለ ስለ ደንገል በተጠራ ስብሰባ ላይ እንኳ ሳጣቸው ኖሬያለሁ። ደንገሉ ስንት ክንድ እንደራቀ ከእነሱ የተሻለ የሚለካ ማን አለ?

ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ እ.ኤ.አ ከ2000 ጀምሮ በየጊዜው ጀልባውን፣ አስጋሪውንና የመረቡን ዓይነት ይቆጥራሉ፤ በየወደቡ ያሉት የአስጋሪዎች አደረጃጀቶችም ከቆጠራው ውስጥ ናቸው። ሐይቁ ችግሩ አላለቀም፤ ሕገወጥ መረብም አልጠፋም። ግን ስንት እንዳለ ያውቃሉ።

ጸሐፊው ያላነሱት አንድ ባለጥቅም ደግሞ አለ፤ መሥሪያ ቤቱ። ወረዳ የሚመዘነው በእቅድ አፈጻጸም መቶኛ ነው። «እቅድ 100፣ አፈጻጸም 98» ብሎ የጻፈ ባለሙያ ይመሰገናል፣ «62» ብሎ የጻፈ ይገመገማል። ችግኝን ብቻ እንውሰድ፦ የተተከለው በሐምሌ ይቆጠራል፣ በደስታ ይነገራል፤ የጽድቀት መጠኑ ግን በግንቦት፣ ከብት ከገባበት፣ ፀሐይ ከመታው በኋላ ሲታይ ነው እውነቱ የሚታወቀው። ያኔ ወደ ተራራው የሚወጣው እረኛው ብቻ ነው። እኔ ራሴ የጽድቀት መጠን ከቢሮ ወንበሬ ሳልነሳ የጻፍኩበት ዓመት አለ፤ ተሽከርካሪ አልነበረም፣ ቀኑ ደርሶ ነበር። ክፉ ሰው ሆኜ አይመስለኝም። የሚጠይቀኝ ሰው ከላይ እንጂ ከታች ስላልነበረ ነው።

ትልልቆቹ የውሃ ተጠቃሚዎችም እንዲሁ። እ.ኤ.አ በ1996 ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨራ ጨራ ላይ መቆጣጠሪያ ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ የዝናብ ብቻ ሳይሆን የሰው ውሳኔም ነው። እ.ኤ.አ በ2003 ሐይቁ በጣም ወርዶ መርከቦቹ ለወራት ቆመው ነበር። እ.ኤ.አ ከ2010 ወዲህ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከዚሁ ውሃ ይጠጣል። መብራት የሚያስፈልገን ሕዝብ ነን፤ ይህን የምለው ለመክሰስ አይደለም። ውሃውን የሚለቀውና ውሃውን የሚለካው አንድ ወገን ከሆነ፣ ጀልባው ደለል ላይ የቆመበት ሰው ቅሬታ ቁጥር ሊሆን የሚችልበት መንገድ የለም ማለቴ ነው።

አምስተኛው ነጥባቸው ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይዟል፤ ሕዝቡ በምክር ቤት ተወክሏል፣ አሁን ባለው የጸጥታ ሁኔታም ይህ ሁሉ የማይታሰብ ነው የሚል። በመጀመሪያው ላይ ብዙ አልቆይም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ላይ ሕዝቡ በልማት የመሳተፍና በሚነካው ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት ሰጥቶታል፤ አንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ፖሊሲ ሲቀረጽ ብቻ ሳይሆን በሥራ ሲውልም ሐሳቡ እንዲሰማ ይላል። አገራችን የተቀበለችው የ2030ው የዘላቂ ልማት አጀንዳም ክትትሉ ክፍትና አሳታፊ እንዲሆን በግልጽ ያስቀምጣል። ጣና እ.ኤ.አ በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብም በዳሩ የሚኖረው ሕዝብ የጥበቃው አካል ነው በሚል ነው። የምክር ቤት አባል ድምፅ ይሰጣል፤ የዝናብ መለኪያ አያነብም።

የጸጥታው ጉዳይ ግን ልብ ይከብዳል፤ ቀለል አድርጌ ማለፍ አልፈልግም። በክልላችን ካለፉት ዓመታት ግጭት ወዲህ ባለሙያ የማይደርስባቸው ቀበሌዎች ብዙ ናቸው። ታዲያ ባለሙያው መድረስ ካልቻለ የጸሐፊው «አንድ ክፍል» በማን እግር ይሄዳል? እዚያ የቀረው ነዋሪው ነው፤ ዝናቡ ሲዘንብም፣ አረሙ ሲበቅልም የሚያየው እሱ ነው። በሌላ በኩል ደብተርና ስልክ ይዞ የሚዞር ሰው ዛሬ በዚህም በዚያም ወገን ሊጠረጠር ይችላል። ስለዚህ በእኔ እምነት መዝገቡ የውሃ፣ የአረምና የዓሣ ብቻ መሆን አለበት፤ የሰው ስም የማይጻፍበት፣ ማንም ገልጦ የሚያየው፣ በእድር ወይም በደብሩ የሚቀመጥ። አንድም ሰው ለቁጥር ብሎ አደጋ ላይ እንዲወድቅ አልሻም፤ አስጊ በሆነበት ቀበሌ ደግሞ ይቅር፤ መዝገቡ ክፍተት ይኑረው።

ለጸሐፊው አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። ጽሑፋቸው «ሕዝቡ ውጤቱ ይነገረው» ይላል፤ እስካሁን ያ እንኳ ሆኖ እንደሚያውቅ ያስቡ። ሥራውን ልለቅ ስል እነዚያን አስጋሪ አባት ልሰናበታቸው ወደ ወደቡ ወርጄ ነበር። ቡና አፈሉልኝ፣ ስለ ልጆቻቸው አወጉኝ። ልሄድ ስነሳ ያንን የኅዳር ጠዋት አነሱብኝ፤ ከአራት ዓመት በኋላ።

«ያን ዕለት የጻፍከው ቁጥር» አሉኝ፣ «ወዴት ሄደ? እኛ ዘንድ ሳይመለስ ቀረ እኮ።»

ወደ ዞን እንደሄደ ነገርኳቸው። ከዚያስ ሲሉኝ የምመልሰው አልነበረኝም።